ከጠፋው ዲስክ በፊት፦ የትሬሲ ቻፕማን መንገድ

ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ለንደን። የዌምብሌይ ስታዲየም ከ70 ሺህ በሚበልጥ ሰው ጢም ብሏል። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ከ60 በላይ ወደሆኑ አገሮች ይተላለፋል። የሚከበረው የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት የልደት በዓል ነው፤ ባለልደቱ ግን የሉም። በ1962 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ቆይተው አገራቸው ከገቡ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተይዘዋል። ይኸው 26 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ እስር ቤት ናቸው።

ሕዝቡ በጉጉት ከሚጠብቃቸው ድምፃውያን አንዱ ስቲቪ ዎንደር ነበር። መድረክ ላይ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ግን ለዝግጅቱ ያሰናዳው ሙዚቃ የተጫነበት የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ ሃርድ ዲስክ ጠፋ። ያለ እሱ መጫወት አልችልም ብሎ እያለቀሰ ወጣ። አዘጋጆቹ ባዶ መድረክ፣ የሚጠብቅ ሕዝብና የቀጥታ ሥርጭት አፈጠጠባቸው። አሁን የሚያስፈልገው ባንድ የማያስከትል፣ ዕቃ የማያስገጥም፣ በደቂቃዎች ውስጥ መድረክ ላይ መቆም የሚችል ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጊታር ይዛ ወጥታ፣ ጥቂት ዘፈን አቅርባ የወረደች የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ተመለሽ አሏት።

ተመለሰች። ጂንስ ሱሪና ጥቁር ልብስ የለበሰች፣ አጃቢ የሌላት፣ ብዙ የማታወራ ልጅ። ‹‹ፋስት ካር›› (ፈጣን መኪና) የሚለውን ዘፈኗን ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለው ስታዲየም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። በዚያው ክረምት አልበሟ በእንግሊዝም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀመጠ።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር መደምደሚያው አንድ ነው፦ ዕድል። አንድ ዲስክ ጠፋ፣ አንዲት ልጅ ተገኘች። ዕድሉን ማንም አይክድም። ነገር ግን ዲስኩ በጠፋባት በዚያች ሰዓት፣ የክሊቭላንድ ድሃ ቤተሰብ ልጅ የራሷን ዘፈን ይዛ ከመድረኩ ጀርባ እንዴት ልትገኝ ቻለች? ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም የአንድ ምሽት ሳይሆን የ24 ዓመት ታሪክ ነው።

◆ የብረት ከተማ ልጅ

ትሬሲ ቻፕማን የተወለደችው ማርች 30 ቀን 1964 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ነው። ክሊቭላንድ የብረት ከተማ ነበረች። ከደቡቡ የአሜሪካ ክፍል የዘር ጭቆናን ሸሽተው የመጡ ጥቁሮች በፋብሪካዎቿ ሠርተው ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ትሬሲ ስትወለድ ግን ያ ዘመን እያለቀ ነበር። ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ፣ አቅም ያለው ነጭ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ እየሸሸ ነበር። በ1950 ከ914 ሺህ በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1980 ወደ 574 ሺህ ወርዷል።

በእነዚያ ዓመታት ከተማዋ ያላየችው ነገር የለም። በ1966 ሃፍ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር አመፅ ተነሥቶ የብሔራዊ ዘብ ጦር ገባ። በ1967 ካርል ስቶክስ ተመረጡ፤ ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች የአንዱ ከንቲባ ለመሆን የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። በ1969 በፋብሪካ ዝቃጭና በዘይት የተበከለው የካያሆጋ ወንዝ በእሳት ተያያዘ። በ1978 ማብቂያ ደግሞ ከተማዋ ለባንኮች መክፈል የነበረባትን ዕዳ መክፈል አቃታት። ከ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ትልቅ የአሜሪካ ከተማ አልነበረም።

ትሬሲ አራት ዓመት ሲሆናት ወላጆቿ ተለያዩ። እናቷ ልጆቿን በትንሽ ደመወዝ፣ ሲጠፋም በመንግሥት ድጎማ ብቻዋን አሳደገች። ያቺ እናት ግን ገንዘብ በሌለበት ቤት አንድ ነገር አደረገች፤ ለሦስት ዓመት ልጇ ዩኩሌሌ ገዛችላት። ዩኩሌሌ ባለአራት አውታር፣ ትንሽ ጊታር የሚመስል መሣሪያ ነው። ትሬሲ በስምንት ዓመቷ ወደ ጊታር ተሸጋገረች፤ የራሷን ዘፈኖች መጻፍም የጀመረችው በዚያው ዕድሜዋ ነው።

ጊታር ያስወደዳት ነገር ለብዙዎች የሚገርም ነው። ‹‹ሂ ሆው›› የሚባል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር፤ የአሜሪካ ገጠር ነጮች ሙዚቃ የሚባለው ካንትሪ በቀልድ እየታጀበ የሚቀርብበት። የክሊቭላንዷ ጥቁር ልጅ ቁጭ ብላ የምታየው እሱን ነበር። ካንትሪ የነጮች ብቻ ነው የሚለው ወሬ ራሱ ትክክል አይደለም። የዚያ ሙዚቃ መለያ የሆነው ባንጆ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት የመሣሪያ ዓይነት ነው። ይህ ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ትምህርት ቤቱስ? በ1976 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የክሊቭላንድ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን ሆን ብለው ለያይተዋል ብሎ ፈረደ። ልጆቹን በአውቶቡስ እያጓጓዙ የማቀላቀሉ ሥራ ሲጀመር ከተማዋ ተናወጠች። በ1978 እና በ1979 መምህራን ለሳምንታት ሥራ አቆሙ። ትሬሲ በልጅነቷ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት ዛቻና ጥቃት ይደርስባት እንደነበር በኋላ ላይ ተናግራለች። በመጀመሪያ አልበሟ ውስጥ በአንድ ከተማ የጥቁርና የነጭ ሰፈሮችን ስለሚለይ መስመር የሚያወራ ዘፈን አለ። ያንን መስመር ከመጽሐፍ አላገኘችውም።

◆ በመዋጮ የተገዛው ጊታር

ከዚያ ከተማ ያወጣት ሙዚቃ አይደለም፤ ትምህርት ነው። ‹‹ኤ ቤተር ቻንስ›› (የተሻለ ዕድል) የሚባል ድርጅት አለ። ከ1963 ጀምሮ ጎበዝ ሆነው አቅም የሌላቸውን፣ በተለይ የጥቁር ቤተሰብ ልጆችን እየመረጠ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። ትሬሲ በዚህ ፕሮግራም ተመርጣ በኮኔቲከት ግዛት ዳንበሪ ከተማ የሚገኘው ዉስተር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች።

ለአንዲት የክሊቭላንድ ልጅ ይህ ሌላ አገር እንደ መግባት ነው። የክፍል ጓደኞቿ ድህነትን የሚያውቁት በወሬ ነው። እሷ ደግሞ ከድህነት መሀል የመጣች ናት። ይህ ሁኔታ ሰውን ወይ ዝም ያሰኛል ወይ ያናግራል። ትሬሲን አናገራት። ድሆች አንድ ቀን ተነሥተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ የሚለውን ‹‹ቶኪን ባውት ኤ ሪቮሉሽን›› የተሰኘውን ዘፈኗን የጻፈችው የ16 ዓመት ተማሪ ሳለች ነው። ዛሬ ያንን ዘፈን በየአገሩ ሰልፍ ላይ የሚያጫውቱት ፖለቲከኞች አንዲት አዳሪ ተማሪ እንደጻፈችው ሁሉም ያውቃሉ ማለት ያስቸግራል።

በትምህርት ቤቱ ሌላም ነገር ሆነ። የትምህርት ቤቱ ቄስ ልጅቷ የያዘችው ጊታር ለድምፅዋ እንደማይመጥን አየ። ከመምህራንና ከተማሪዎች ገንዘብ አዋጥቶ አዲስ ጊታር ተገዛላት። ውለታው ግን ትንሽ አይደለም፤ የልጅቷን ሙዚቃ ከጨዋታ አልፎ ቁም ነገር ነው ብሎ ገንዘብ ያወጣ የመጀመሪያው ሕዝብ ያ የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ነው።

ከዚያ በቦስተን አቅራቢያ ወዳለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አመራች። የተማረችው ሙዚቃ ሳይሆን አንትሮፖሎጂ ነው፤ ትኩረቷም አፍሪካ ላይ ነበር። ከክፍል ውጪ ጊታሯን ይዛ በካምብሪጅ ሃርቫርድ አደባባይና በምድር ባቡር ጣቢያዎች ትዘፍናለች። አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ይጥልላታል።

ቦታው ተራ ቦታ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጆአን ባይዝ ዝናዋን የጀመረችው በዚያው አካባቢ ባለች ትንሽ ቤት ነው። የአሜሪካ ፎክ ሙዚቃ፣ ማለትም አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታርና አንድ ታሪክ፣ በነዚያ ዓመታት ከሲቪል መብት ትግሉ ጋር አብሮ አድጓል። በ1960ዎቹ አጋማሽ እነቦብ ዲላን የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ ሲጨምሩበት ፎክ ሮክ ተባለ። በ1980ዎቹ ግን ያ ሁሉ ያለፈበት ፋሽን ነበር። ሬዲዮውን የያዘው የኮምፒውተር ከበሮና የዳንስ ሙዚቃ ነው። ከ20 ዓመት በፊት በተዘጋ ሱቅ ደጃፍ የቆመች ነጋዴ ትመስል ነበር።

የመንገድ ዘፋኝነት ግን ትምህርት ቤት ነው። ቸኩሎ የሚያልፍን ሰው በአንድ ጊታር ማስቆም ከተቻለ፣ የሚቸኩሉትን 70 ሺህ ሰዎች ማስቆምም ይቻላል።

◆ ከሬዲዮ ጣቢያ የወጣው ካሴት

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጉዳይ ይናጡ ነበር፦ አፓርታይድ። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎቻቸው በደቡብ አፍሪካ በሚነግዱ ኩባንያዎች ውስጥ ያላቸውን አክሲዮን እንዲሸጡ ይጠይቁ ነበር። ተፍትስም ውስጥ ይህ ትግል ነበር። ብራያን ኮፕልማን የሚባል ተማሪ የፀረ አፓርታይድ ሰልፍ ሲያስተባብር፣ ግቢ ውስጥ ጥሩ የተቃውሞ ዘፈን የምትዘፍን ልጅ አለች፣ ለምን አትጋብዛትም አሉት። ሄዶ በአንድ ቡና ቤት ስትዘፍን ሰማት። ደነገጠ።

የኮፕልማን አባት ቻርልስ ኮፕልማን በኒው ዮርክ የታወቁ የሙዚቃ አሳታሚ ነበሩ። ልጁ ለትሬሲ አባቴ ሊረዱሽ ይችላሉ አላት። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱ ላይ ይጠመጠምበት ነበር። እሷ በትህትና አዳመጠችው፤ የሚሰጥ ካሴት ግን አልሰጠችውም። እሱም እየተመላለሰ ያዳምጣት ጀመር።

ቆይቶ አንድ ነገር ሰማ። ትሬሲ በዩኒቨርሲቲው ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈኖቿን ቀርፃለች። የቀረፀችውም ለዝና አይደለም፤ ዘፈኖቹ የእሷ መሆናቸውን ለማረጋገጥ፣ ለቅጂ መብት ነው። ጣቢያው ቀረፃውን ያደርግላታል፣ በምላሹ ዘፈኖቹን አየር ላይ ያውላል። ኮፕልማን ወደ ጣቢያው ሄደ፤ ጓደኛው ተረኛውን አስተናጋጅ በወሬ ሲይዝለት ካሴቱን አውጥቶ አስገለበጠ። አባቱ የሰሙት ያንን ግልባጭ ነው። ዘፈኑ በ16 ዓመቷ የጻፈችው ያ የለውጥ ዘፈን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስሟን ማንም በማያውቅበት፣ ለሳንቲም በምትዘፍንበት ዕድሜ፣ ዘፈኖቿ የማን እንደሆኑ በሰነድ እንዲታወቅ አስባ ነበር። በሙዚቃው ዓለም፣ በተለይም በጥቁር ሙዚቀኞች ታሪክ፣ ዘፈኑ ዓለምን ዞሮ ባለቤቱ ባዶ እጁን የቀረበት ታሪክ ሞልቷል። እሷ ከዚህ ወጥመድ ያመለጠችው ዝነኛ ከሆነች በኋላ ጠበቃ ቀጥራ አይደለም፤ ቀድማ ነው።

ውሉን ለመፈረምም አልቸኮለችም። በ1987 ዲግሪዋን ይዛ ተመረቀች፣ ከዚያ ኤሌክትራ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። ፕሮዲውሰር ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም፤ በዚያ ዘመን ጆሮ ጊታርና ታሪክ ብቻ የያዘ አልበም የሚሸጥ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ ዴቪድ ከርሸንባም ተቀበለው። ብልሃቱ ከድምፅዋና ከጊታሯ ፊት ምንም አለመደንቀር ነበር። በኤፕሪል 1988 የወጣው አልበም 11 ዘፈኖች አሉት። አንደኛው፣ ከጎረቤት ቤት ስለሚሰማ የሴት ጩኸትና ዘግይቶ ስለሚመጣ ፖሊስ የሚናገረው፣ መሣሪያ እንኳ የሌለው ባዶ ድምፅ ነው።

◆ ዌምብሌይ እንደገና

እንግዲህ ወደዚያ ምሽት ሲመለሱ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የማንዴላ ልደት ዝግጅት ዛሬ ሁሉም የሚያጨበጭብለት በዓል ቢመስልም፣ ያኔ አከራካሪ ፖለቲካ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የማንዴላን ድርጅት ኤኤንሲን አሸባሪ ብለውት ነበር። ከፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ቢቢሲ ዝግጅቱን ማስተላለፉን የተቃወሙ ነበሩ። በአሜሪካ ያስተላለፈው ፎክስ ቴሌቪዥን ደግሞ ፖለቲካ ይሸታል ያለውን ቆራርጦ አወጣው።

ትሬሲ በዚያ መድረክ ላይ የመጀመሪያዋ ስም አልነበረችም፤ ግን ባዕድም አልነበረችም። አፍሪካን ያጠናች፣ ከሙዚቃው ዓለም ጋር የተዋወቀችው በፀረ አፓርታይድ ሰልፍ ምክንያት የሆነች ልጅ ናት። ከሰዓት በኋላውን መድረክ ዲስክ ሳይጠፋ ነው ያገኘችው። ዲስኩ ሲጠፋ ደግሞ የተጠራችው ሙዚቃዋ በዲስክ ላይ ስላልነበረ ነው። ፋሽን ያለፈበት የተባለው አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ የዚያን ቀን ብቸኛው የማይበላሽ ዕቃ ሆነ።

ከዚያ ያለው በፍጥነት ሄደ። ‹‹ፋስት ካር›› በአሜሪካ እስከ 6ኛ፣ በእንግሊዝ እስከ 5ኛ ደረጃ ወጣ። በመስከረም ወር አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባዘጋጀው የሰብዓዊ መብት የሙዚቃ ጉዞ ከብሩስ ስፕሪንግስቲን፣ ከስቲንግ፣ ከፒተር ገብርኤልና ከሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ጋር ዓለምን ዞረች፤ ሐራሬና አቢጃንም ከመድረኮቹ መካከል ነበሩ። በ1989 ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን ወሰደች። ማንዴላ በፌብሩዋሪ 1990 ተፈትተው በኤፕሪል እዚያው ዌምብሌይ በአካል ሲገኙም ከዘፈኑት አንዷ ነበረች።

ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። በአሜሪካ የጥቁር አድማጭ የሚበዛባቸው ሬዲዮ ጣቢያዎች ብዙም አላጫወቷትም፤ ጊታር የያዘች ጥቁር ሴት ለእነሱም እንግዳ ነበረች። ካንትሪ ጣቢያዎቹ ደግሞ ጭራሽ አላሰቧትም። ነጭ ለጥቁር፣ ጥቁር ለነጭ እየመደበ የሚሸጠው ገበያ የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጣት አላወቀም ነበር።

◆ የዘፈኑ ባለቤት

ከዚያ ከ35 ዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ ሉክ ኮምስ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ነጭ የካንትሪ ዘፋኝ ‹‹ፋስት ካር››ን በድጋሚ ተጫወተው። ዘፈኑን የሚያውቀው በልጅነቱ አባቱ መኪና ውስጥ ከሚጫወተው ካሴት ነው። ባለታሪኳ በሱቅ ሒሳብ ተቀባይነት የምትሠራ ሴት መሆኗን እንኳ አልቀየረውም፤ እንዳለ ዘፈነው። ከዋናው ቅጂ በልጦ በአሜሪካ 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በካንትሪ ሬዲዮ ደግሞ አንደኛ ሆነ። በኖቬምበር የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማትን ለጸሐፊዋ ሰጠ። ያንን ሽልማት በመውሰድ የመጀመሪያዋ ጥቁር የዘፈን ደራሲ ሆነች። ‹‹ሂ ሆው››ን እያየች ጊታር የወደደችው የክሊቭላንድ ልጅ፣ ያ ሙዚቃ ቤት የእሷም እንደነበረ በስተርጅና ተነገራት።

በአሜሪካ ሕግ የታተመ ዘፈንን በድጋሚ ለመጫወት የደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ አይደለም፤ ለደራሲው ሮያሊቲ መክፈል ግን ግዴታ ነው። ስለዚህ ኮምስ በተሰማ ቁጥር ክፍያው ወደ ብቸኛዋ ደራሲ ይሄዳል። የሌላውን ሥራ ቀይሮ በራስ ዘፈን ውስጥ መክተት ሲሆን ግን ፈቃድ የግድ ነው። ኒኪ ሚናዥ ይህንን ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላ ነበር፤ ዘፈኑ ግን አፈትልኮ ሬዲዮ ላይ ተሰማ። ትሬሲ በ2018 ከሰሰች፤ ጉዳዩ በ450 ሺህ ዶላር ክፍያ ተቋጨ። ለዓመታት ድምፅዋ ያልተሰማ፣ ቃለ ምልልስ የማትወድ ሴት፣ ዘፈኗ ላይ ሲመጡባት ግን ዝም አላለችም። የሬዲዮ ጣቢያው ካሴት አመክንዮ ነው፤ አልተለወጠም።

በፌብሩዋሪ 2024 የግራሚ መድረክ ላይ ከኮምስ ጋር ቆማ ዘፈነችው። በሰዓታት ውስጥ የ1988ቱ ዋና ቅጂ በአይቲዩንስ ሽያጭ አንደኛ ሆነ።

የዘፈኑን ታሪክ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ወጣት እናቷ ጥላ ስለሄደች ጠጪ አባቷን ለመጦር ትምህርቷን ታቋርጣለች። ከምትወደው ሰው ጋር በመኪናው ከከተማው አምልጠው አዲስ ሕይወት ሊጀምሩ ያልማሉ። ሄዱ። እሷ ሥራ ያዘች፤ እሱ ግን እንደ አባቷ መጠጥ ቤት ቀረ። መኪናው ፈጣን ነበር፣ የትም ግን አላደረሳቸውም። ትሬሲ ዘፈኑ የራሴ ሕይወት አይደለም ትላለች። ያደገችበት አካባቢ ሰዎች ሕይወት ግን ነው።

በጸሐፊዋና በባለታሪኳ መካከል ያለው ልዩነት የተሰጥኦ ብቻ አይደለም። አንደኛዋ ዩኩሌሌ የምትገዛ እናት፣ ስሟን ከዝርዝር ውስጥ የሚመርጥ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለጊታር የሚያዋጣ ትምህርት ቤት፣ የሚቀርፃት የተማሪዎች ሬዲዮ አገኘች። ሌላዋ ያገኘችው መኪና ብቻ ነው። ዲስክ በጠፋ ቁጥር መድረኩ ለሁሉም ክፍት ይመስላል፤ ከጀርባው ጊታር ይዞ ለመቆም የበቃው ግን በፊት አንድ ሰው በር የከፈተለት ብቻ ነው።